የሐዋ ድርሻ

ኮምቦልቻ፣ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሱሀይላ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ። እኔ ደህና ነኝ፤ ግቢውም መጋዘኑም ደህና ነው። አንቺ እንዴት እንደሆንሽ እንዳልጠይቅ ስለተከለከልኩ ሰላምታዬ እዚህ ላይ ያልቃል።

የላክሽውን ወረቀት ደሳለው ትናንት አደረሰኝ። ተሳፋሪውን እንደጫነ ሚኒባሱን መጋዘኑ በር ላይ አቁሞ፣ «እትዬ ቢልቂስ፣ ሰው መልክ ለመልክ እየተያየ በስልክ በሚያወራበት ዘመን እናንተ ወረቀት ታመላልሳላችሁ? ፍርድ ቤት ነው እንዴ?» አለኝ። «አዎ፣ ተከስሼ ነው» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን የቀለድኩ አልመሰለኝም።

ለጠየቅሽኝ ሁሉ መልሴ እሺ ነው። የክሊኒኩ አማካሪሽ ወንጌላዊት ያወጣችውን ደንብ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስልክ አልደውልም። በደሳለው እጅ ምግብ አልልክም። በደብዳቤም ቢሆን «በላሽ ወይ» አልልም። የጻፍኩትን አንድ ቀን ሳላሳድር አልልክም። እህል ስነግድ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከዚህ የከበደ ውል ገብቼ አላውቅም። ቢሆንም ውል ውል ነው።

ስላለፈው ማክሰኞ ይቅርታ አድርጊልኝ። ደሴ ክሊኒኩ ድረስ ጭኮ ተሸክሜ መምጣቴ፣ ያችንም ልጅ፣ ወንጌላዊትን፣ በሰው ፊት «አንቺ መቼ ወልደሽ፣ መቼ አብልተሽ ነው እኔን የምታስተምሪኝ?» ማለቴ ነውር ነው። እሷ አልተቆጣችም። «ጭኮውን ይተዉልን፣ እኛ ሠራተኞቹ እንበላዋለን። እርስዎ ግን ትንሽ ይቀመጡ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ኮሌጅ ውስጥ የወደቅሽው በፀሐይ ሳይሆን ምግብ በመተውሽ እንደሆነ ነገረችኝ። ልብሽ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታም ነገረችኝ። ከዚያ በግልጽ ነው የተናገረችው፤ እኔም ግልጽ ሰው እወዳለሁ። «ረመዳን ሊገባ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። በዚህ ልብ ሠላሳ ቀን ከጾመች ልናጣት እንችላለን» አለችኝ።

እናትሽ ሐዋ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ከሞተች አራት ዓመት አለፋት። ከዚያ ወዲህ አንቺ የኔ ነሽ። በዚህ አራት ዓመት ቤቴ ውስጥ ምግብ ጎድሎ አያውቅም። የማይገባኝ ይኸው ነው። የማይገባኝን ነገር ግን አልሠራም ብዬ አላውቅም።

አብሽሪ።

አክስትሽ ቢልቂስ


ደሴ፣ ጥር 9 ቀን 2018

ለእትዬ ቢልቂስ፣

ወአለይኩሙ ሰላም። በደንቡ መሠረት ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ጭኮው በአንድ ቀን አለቀ። ዘበኛው እስካሁን «የኮምቦልቻዋ ሴትዮ መቼ ነው ተቆጥታ የምትመጣው?» ይላል።

አሁን ያለሁት ፒያሳ ጀርባ ነው። ወይዘሮ ገበያነሽ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ነርስ ቤት ነው ክሊኒኩ ያስገባኝ። እሳቸው ክርስቲያን ቢሆኑም ለእኔ ሲሉ ከቤታቸው ሥጋ አስወጥተዋል። ምግብ ስንበላ አያዩኝም። ራዲዮ ከፍተው ከራዲዮው ጋር ይጣላሉ። «ዋሸህ! አሁንስ ዋሸህ!» ይሉታል። እኔም ያኔ ቀስ ብዬ የምችለውን አደርጋለሁ።

ክሊኒኩ መጥተው «ምን ዓይነት ሕክምና ነው፣ ወሬ ብቻ?» ላሉት፣ አዎ፣ አብዛኛው ወሬ ነው። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ «መጀመሪያ ብዪ፣ ስለ ጦርነቱ ቆይተን እናወራለን» አሉኝ። ሌላው ደግሞ «ስለ ጦርነቱ አውሪ፣ መብላቱ ራሱ ይመጣል» አለኝ። ሁለቱንም ሞክሬ ከሁለቱም ቀረሁ። ወንጌላዊት ግን ሁለቱ በአንድ ገመድ የታሰሩ ናቸው ትላለች። አንዱን ብቻ ብንጎትተው ሌላው ይበልጥ ይጠብቃል። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን እናወራለን፣ በየቀኑ ደግሞ በሰዓቱ ከሳህን ፊት እቀመጣለሁ። መቀመጡ ብቻውን አንዳንድ ቀን እንደ ሥራ ያደክመኛል።

እኔም ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። ሰኞና ሐሙስ «ጾመኛ ነኝ» ስልዎት ሁሉም ጾም አልነበረም። ጎረቤት «ማሻአላህ፣ እንዴት ያለች ልጅ አሳደግሽ» ሲልዎት ሲኮሩ እያየሁ ዝም አልኩ። ጾም ብዬ ስደበቅ ማንም አይጠይቀኝም ነበር።

ወንጌላዊት አንድ ነገር ትለምንዎታለች። በየቀኑ ማስታወሻ እንደሚጽፉ ነግሬያታለሁ። እዚያ ላይ በእርስዎ ቤት ማዕድ ላይ ስለ ምግብ የሚባለውን ቃል በቃል ይጻፉ። ማን ምን ያህል እንደበላ አይደለም፤ ምን እንደተባለ ብቻ።

ሱሀይላ


ከቢልቂስ ማስታወሻ፣ ጥር 15

ዓርብ። ከጁምዓ በኋላ ሰባት ሰው ምሳ በላ። በትእዛዙ መሠረት የተባለውን ልጻፍ።

ጎረቤቴ ሰዒዳ ገና ሳትቀመጥ፣ «አልበላም፣ ከቤት በልቼ ነው የመጣሁት» አለች። «በሞቴ!» አልኩ። ተቀመጠች። ሦስት ጊዜ ቆርሳ እጇን ሰበሰበች። «ምነው፣ ምግባችንን ተጠየፍሽው? አፈር ስሆን!» አልኩ። ደግሞ በላች። ከዚያ እሷ በተራዋ የመጋዘኑን ኃላፊ በሺርን ያዘችው። በሺር ጥርሱን አሞታል፤ ጉንጩ አብጧል። «በሞቴ ይህችን ብቻ!» ብላ አጎረሰችው። አይኑ እንባ አቀረረ። እኔም ከኋላ ሁለተኛውን ጉርሻ ይዤ «አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ በሞቴ!» አልኩት።

በሺር አፉን እንደያዘ፣ «እትዬ፣ በዚህ ምሳ እርስዎ ብቻ ስድስት ጊዜ ሞቱ። ቀብሩ መቼ ነው?» አለ።

«የአንተ ጥርስ በተነቀለ ማግስት!» አለችው ሰዒዳ። ተሳቀ።

ቆጠርኩት። «በሞቴ» ዘጠኝ፣ «አፈር ስሆን» አራት፣ «እኔን ይድፋኝ» አንድ። ማንም «ጠግበሃል?» ብሎ የጠየቀ የለም። ሱሀይላ እዚህ ብትኖር ኖሮ ሁሉም ወደ እሷ ይሆን ነበር። ጽፌ ለወንጌላዊት ላክሁት። ከዚህ ምን እንደሚገኝ አላውቅም። እኛ አገር ሰው የሚከበረው እንደዚህ ነው።


ደሴ፣ ጥር 20 ቀን 2018

ለእትዬ ቢልቂስ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የበሺርን ወሬ ሳነብ ሳቅሁ። ወንጌላዊትም ሳቀች። ከዚያ ወረቀቱን እኔ ፊት አድርጋ ጠበቀች። እኔ አጥፌ መለስኩላት።

ከማስታወሻው ግርጌ «መቼ ትጨርሻለሽ?» ላሉኝ መልሴ፦ አላውቅም። ስንት ሳምንት እንደሚቀረኝ እሷም አታውቅም። አሁን የያዝነው ሥራ አንድ ቀን መርጬ፣ አሁን እየሆነ እንዳለ አድርጌ ከጠዋት ጀምሮ እንድነግራት ነው። ቀኑን እኔ ነኝ የማውቀው። ስተርክላት እስከ ግቢያችን በር ድረስ እሄድና እመለሳለሁ። ትንፋሼ ሲያጥር ጫማዬን ታስወልቀኛለች፤ ወለሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ እግሬ የት እንዳለ ያውቃል። ከዚያ በመስኮቱ የማየውን እንድጠራ ታደርገኛለች። የጦሳ ተራራ። ሚናራው። የባጃጅ ወረፋ። ቆርቆሮ ላይ የተሰጣ በርበሬ። «ይህ 2018 ነው፤ ያለሽው ደሴ ነው» ትለኛለች። አንዳንዴ አምናታለሁ።

ሌላው ጉዳይ ረመዳን ነው። እጾማለሁ። አስቤበት ነው። ወንጌላዊትም ወይዘሮ ገበያነሽም አልተስማሙም፤ ሰምቻቸዋለሁ። ሠላሳውንም ቀን እጾማለሁ። እናቴ ባለችበት ሆና እንድታየኝ እፈልጋለሁ። ከዚህ በላይ አልጽፍም። እባክዎ አይከልክሉኝ።

ሱሀይላ


ኮምቦልቻ፣ ጥር 23 ቀን 2018

ለሱሀይላ፣

አሰላሙ አለይኩም። ደብዳቤሽን ይዤ ሐርቡ ወርጄ ሼህ ዘይኑልአቢዲንን ጠየቅሁ። እናትሽን የዳሩ፣ ለአንቺም ስም ያወጡልሽ እሳቸው ናቸው፤ እንደ ባዳ አይናገሩሽም። «በሽተኛ እንዲያፈጥር የፈቀደው አላህ ነው። አላህ የሰጠውን ፈቃድ አልፈልግም ማለት ስጦታውን በፊቱ መመለስ ነው። ስትድን ጾሙን ትከፍላለች፤ ካልቻለችም ሌላ መንገድ አለ። አሁን ከጾመች ግን ጾም ሳይሆን ራስን መጉዳት ነው፤ ሐራም ነው በሏት» አሉኝ። ቃላቸው ይኸው ነው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

እኔ ደግሞ እንደ ነጋዴ ልናገር። የተቀደደ ጆንያ ላይ ሌላ ጆንያ አይጫንም። መጀመሪያ ጆንያው ይጠገናል። ሰውነትሽ አሁን ሸክም አይችልም። ሌላ ምሥጢር የለውም።

እናትሽ ታየኛለች ላልሽው፣ ሐዋ ብታይሽ ምን እንደምትል እኔ አውቃለሁ። እህቴ ናት። ስንት ጊዜ ከራሷ አፍ ነጥቃ እንዳበላችሽ አንቺም ታውቂያለሽ።

ይህን ደብዳቤ አላሳደርኩትም። ደሳለው በር ላይ ቆሞ ጥሩንባ እየነፋ ነው፤ ነገ ደግሞ መኪናው ጋራዥ ይገባል። ስለዚህ በአጭሩ ልጨርስ። በሞቴ ሱሀይላ፣ አትጹሚ። አፈር ስሆን፣ ብዪ።

ቢልቂስ


ከቢልቂስ ማስታወሻ፣ የካቲት 1

ስምንተኛ ቀን። ደሳለው ዛሬም ባዶ እጁን ነው የመጣው። «እትዬ፣ ዳኛው ዝም ካለ ጉዳዩ ከብዷል ማለት ነው» አለ። አልሳቅኩለትም። አፍሮ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ወንጌላዊት ራሷ ደወለች። ሱሀይላ ከሁለት ቀጠሮ ቀርታለች። ከሳህኑ ፊት መቀመጧን አቁማለች። ገበያነሽ በሯ ላይ ቆመው ቢለምኗትም አልተነሳችም። የልቧ ምት ካለፈው ወር ይልቅ ቀንሷል። ረመዳን ሊገባ አሥር ቀን ቀርቶታል።

«ምን አደረግሁ?» አልኳት።

«ደብዳቤዎ ውስጥ አንድ ቃል አለ። እሱን ብቻ ደጋግማ ታነባለች።»

«የቱ ነው?»

«እኔ አልነግርዎትም። የእሷ ነው። እርስዎ ይጠይቋት።»

ቅጂ አላስቀረሁም። ያልኩትን እንደማስታውሰው በቃሌ ደገምኩት። የሼሁን ቃል ነው የጠላችው? የጆንያውን ምሳሌ ነው? «የተቀደደ» ስላልኩ ነው? ዕቃ ተበላሽቶ ሲመለስልኝ ችግሩን ሳላገኝ ቀርቼ አላውቅም። ይህን አላገኘሁትም።


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 2 ቀን 2018

ለሱሀይላ፣

ሰላም ለአንቺ። ይህ ደብዳቤ አድሯል።

የጎዳሁሽ ቃል የትኛው እንደሆነ አላውቅም። አውቃለሁ ብዬ ይቅርታ ብጠይቅሽ ውሸት ይሆናል፤ ስለዚህ እጠይቅሻለሁ። የቱ ነው? ልትነግሪኝ ካልፈለግሽ አትመልሺልኝ። በእኔ ግን ቂም ይዘሽ ከወንጌላዊት አትቅሪ። እኔን ለመቅጣት ሌላ መንገድ ፈልጊ፤ ብዙ መንገድ አለ።

ቢልቂስ


ደሴ፣ የካቲት 4 ቀን 2018

ለእትዬ ቢልቂስ፣

ይህን የምጽፈው ወንጌላዊት ክፍል ውስጥ ነው። ጫማዬን አውልቄያለሁ።

በ2014 ኅዳር እዚያ መጋዘኑ ግቢ ውስጥ እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። ከበሩ ውጭ የሆነውንና በበሩ የገባውን አልጽፍልዎትም። እሱን ለወንጌላዊት ነግሬያታለሁ፤ ከእሷ ጋር ይቀመጥ። ለእርስዎ የምጽፈው ስለ ሳህኑ ብቻ ነው።

መጋዘኑ ባዶ ነበር። የወለሉን ጥራጊ ነፍተን፣ ከአፈሩ የለየነውን ማሽላ እየቆላን፣ በቀን አንድ ጊዜ ነበር የምንበላው። የምንበላው እላለሁ። እናቴ ሳህኑን እኔ ፊት ታስቀምጥና ግድግዳውን ተደግፋ ትቀመጣለች። «አንቺስ እማ?» ስላት «እኔ በልቻለሁ፤ ደግሞ ስኳሬ አይፈቅድልኝም» ትለኛለች። እምቢ ካልኩ «በሞቴ ብዪ» ትለኛለች። እበላለሁ። ርቦኝ ነበር። እትዬ፣ በጣም ርቦኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ሳትለምነኝም ጨርሼዋለሁ።

በመጨረሻው ቀን ቆሎ ትንሽ ነበር። አልበላም አልኩ። «በሞቴ» አለች። በላሁ። ሳህኑን አጥቤ ስመለስ ግድግዳውን እንደተደገፈች ነበረች። የዐስር ሶላት ገና አልደረሰም ነበር።

አስከሬኗን ያጠቡት ጎረቤቶች በመጋረጃው ውስጥ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው። አንዷ «ይህቺ ሴት ስንት ቀን ነው ሳትበላ የቆየችው?» አለች።

መድኃኒቷ አልቆ ስለነበር ነው የሞተችው ይሉኛል። ወንጌላዊት አንድ ሐኪም አምጥታ አስረድታኛለች። ምግብ ቢኖርም ያለ መድኃኒት እንደማትተርፍ ገብቶኛል። ጭንቅላቴ ገብቶታል። እጄ ግን ወደ ሳህን ሲሄድ ያንን ቃል ይሰማል።

ከዚያ ከእርስዎ ጋር መኖር ስጀምር ያንኑ ቃል በቀን ሦስት ጊዜ ይሉኝ ጀመር። ሰዒዳም፣ እንግዳውም፣ ሁሉም። ለእርስዎ አነጋገር ነው፤ አውቃለሁ። እኔ ግን በሞቷ ምላብኝ በልቼ፣ ሞታ አየሁ። እርስዎም በሞትዎ ሲምሉብኝ፣ ከበላሁ የሚሞቱ ይመስለኝ ነበር። የቀረኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ስለዚህ አልበላም ነበር። እርስዎን በሕይወት ማቆየቴ ነበር።

የጠየቁኝ ቃል ይኸው ነው።

ሱሀይላ


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 6 ቀን 2018

ለሱሀይላ፣

ደብዳቤሽን አነበብኩት። ቃሉን ከዛሬ ጀምሮ አልናገረውም፤ ለአንቺ ብቻ ሳይሆን ለማንም። ለሰዒዳም ለበሺርም ነግሬያቸዋለሁ። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

ይህን ብዬ ዝም ብል ይቀለኝ ነበር። አንቺ የማታውቂው አንድ ነገር ግን አለ፤ እሱን ሳልነግርሽ ይቅርታ ብጠይቅሽ ሌላ ውሸት ይሆናል። ሁለት ቀን አሳድሬዋለሁ። አሁንም መላክ አለበት።

ማስታወሻዬን አውጥቼ፣ ኮምቦልቻን ጥዬ የወጣሁበትን ቀን ገጽ አገኘሁት። እንዳለ ገልብጬልሻለሁ፦

«ጥቅምት 17 ቀን 2014። አየሩ ደረቅ። መንገዱ ደህና። በአይሱዙ ሃምሳ ጆንያ ማሽላና ምስር ተጫነ። መጋዘኑ ተጠርጓል። ማታ አዲስ አበባ።»

ይኸው ነው። ስለ እናትሽ አንድም ቃል የለበትም። ስለ አንቺም የለበትም።

ያልተጻፈው ይህ ነው። ሐዋን «ተነሺ፣ እንሂድ» አልኳት። «ቤት ጥዬ አልሄድም፣ ልጅቷም ፈተና አለባት፣ ይህም ያልፋል» አለች። ሹፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ መኪናው አጠገብ መጥታ፣ «እንግዲያው አንዱን ጆንያ ተይልኝ» አለች። አልተውኩላትም። «እህል ያለበት ቤት ይፈተሻል፤ ባዶ ቤት ማንም አይነካም። ሰኞ እመለሳለሁ» አልኳት። ስናገረው ትክክል መስሎኝ ነበር። እስከ ዛሬም ግማሹ ትክክል ነው እላለሁ። ሌላው ግማሽ ግን፣ ጭነቱ ሙሉ ነበር፤ ጭነት አራግፌ አላውቅም። ከሦስት ቀን በኋላ መንገዱ ተዘጋ። ሰኞ አልተመለስኩም።

አንቺ የእናትሽን ድርሻ አልበላሽም። የሐዋ ድርሻ በአይሱዙ ተጭኖ ሄደ። የጫንኩት እኔ ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ሳህንሽን እየሞላሁ የማልኩብሽ አንቺን ለማጥገብ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያንን አንድ ጆንያ በአንቺ አፍ ልመልሰው ነበር የፈለግሁት።

አፉ በዪኝ አልልሽም። ይህን ለወንጌላዊት ልታሳዪያት ትችያለሽ።

ቢልቂስ


ደሴ፣ የካቲት 9 ቀን 2018

ለእትዬ ቢልቂስ፣

ደብዳቤዎን ሳነብ ጮኽኩ። ወይዘሮ ገበያነሽ ራዲዮውን አጥፍተው መጡ። በዚህ ቤት ራዲዮው ሲጠፋ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «ማን ሞተ?» አሉኝ። «ማንም አልሞተም፣ ተናድጄ ነው» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ በያ! እኔ እኮ መናደድ የማትችይ ነበር የመሰለኝ» አሉኝ። አልሐምዱሊላህ ያሉት እሳቸው ናቸው።

እናቴ ስለ ጆንያው አንድም ቀን አልነገረችኝም። በዚያ ሁሉ ቀን ስምዎን በክፉ አላነሳችም። «ቢልቂስ ሰኞ ትመጣለች» ትለኝ ነበር። ሰኞ ሲያልፍ «ሌላ ሰኞ» ትለኝ ነበር። በእርስዎ ተናድጃለሁ። በእሷም ተናድጃለሁ፤ በልቻለሁ እያለች ስለዋሸችኝ። በሙት መናደድ ይቻላል ብዬ አላውቅም ነበር። ወንጌላዊት ይቻላል አለች።

ግቢውን እየዞርኩ ለብቻዬ ስናገር ቆየሁ። ከዚያ ራበኝ። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቅሁትም። ሆዴን አሞኛል ብዬ ደንግጬ ወንጌላዊት ጋ ደወልኩ። ብዙ ጠየቀችኝና «ሱሀይላ፣ ይህ ረሃብ ነው» አለች። አራት ዓመት ሙሉ አጥፍቼው ነበር። ሲመለስ ያስፈራል። ቂጣ በላሁ። ማንም አልማለብኝም። ከበላሁ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተንቀጠቀጥኩ፤ ሁሉም ሰው ግን በሕይወት እንዳለ ነው።

ስለዚህ ይህን ይወቁ። ይቅር አላልኩዎትም። እላለሁም አልልም፤ እንጃ። ዘንድሮ ረመዳንን አልጾምም። ይህን ያልኩት ለእርስዎም ለሼሁም ብዬ አይደለም፤ ሲርበኝ የሚሰማኝ ሰው ሆኜ መቆየት ስለምፈልግ ነው። ቀላል አይሆንም። ዛሬ ሁዳዴ ገብቷል፣ ከነገ ወዲያ ረመዳን ይገባል፤ በደሴ ቀትር ላይ የምበላው እኔ ብቻ ልሆን ነው። ወይዘሮ ገበያነሽ ግን አብረውኝ ይቀመጣሉ። «ምሳ የምበላው ለሥራ ነው፤ ንስሐ አባቴ ያውቃሉ» ይላሉ።

አንድ ነገር እጠይቅዎታለሁ። እናቴን በዚያ ወር ስትበላ አንድም ጊዜ አላየኋትም። እርስዎንም በአራት ዓመት ውስጥ ቆመው ሲያስተናግዱ እንጂ ተቀምጠው ሲበሉ አይቼ አላውቅም። በመጀመሪያው የረመዳን ቀን ለመግሪብ ማፍጠሪያ ይምጡ። ከፊቴ ተቀምጠው ይብሉ። እኔ ልይ። ምንም ነገር ይዘው አይምጡ። ስለ ሳህኔ ምንም አይናገሩ።

ሱሀይላ


ከቢልቂስ ማስታወሻ፣ የካቲት 11

የረመዳን የመጀመሪያው ቀን። በደሳለው መኪና ወደ ደሴ ወጣሁ። «ዛሬ ደብዳቤው ራሱ ተሳፈረ!» ብሎ ለተሳፋሪው ሁሉ አሳወቀብኝ። ባዶ እጄን ሰው ቤት ስሄድ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። እጆቼን የት እንደማደርጋቸው አላውቅም ነበር።

ገበያነሽ በር ከፈቱልኝ። አጭር ሴት ናቸው፤ ሰውን እንደ ነርስ ነው የሚያዩት። «ይግቡ፣ ይቀመጡ። እዚህ ቤት እንግዳ ቆሞ አያስተናግድም» አሉኝ።

ሱሀይላ ከስታለች። ይህን በልቤ አልኩ። ሰላም አለችኝ፤ አልሳመችኝም። ጠረጴዛው ላይ ቴምር፣ የምስር ሾርባና ዳቦ ነበር፣ ሁለት ሳህን፣ በእኔም በእሷም ፊት። እሷ ምሳዋን በሰዓቱ እንደበላች ገበያነሽ በምልክት ነገሩኝ። እኔ አልጠየቅሁም።

አዛን ተሰማ። በቴምር አፈጠርኩ። ሾርባውን ጀመርኩ። ሱሀይላ ከፊቴ ተቀምጣ እጄን ታያለች፤ ከሳህኑ እስከ አፌ፣ ከአፌ እስከ ሳህኑ። ሰው እያየ መብላት ይህን ያህል ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ቀኑን ሙሉ ጾሜ ውዬ ምስሩ እንደ አሸዋ ሆነብኝ። እሷ በቤቴ አራት ዓመት ሙሉ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በሰባት ሰው ዓይን ሥር እንደዚህ ነበር የምትቀመጠው። ያንን ሳስብ ማንኪያውን ላስቀምጥ ነበር። አላስቀመጥኩም። የመጣሁት ለመብላት ነው።

ጎድጓዳውን ሳህን ጨረስኩ። ገበያነሽ ተነስተው ጓዳ ገቡ።

«ጠገቡ?» አለችኝ ሱሀይላ።

«ጠግቤያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ» ልል ነበር። ሰው ቤት የሚባለው ይኸው ነው፤ በልጅነታችን እኔም ሐዋም የተማርነው ይኸው ነው። አየኋት። መልሱን በእውነት ትፈልገው ነበር።

«አልጠገብኩም» አልኳት።

ጭልፋውን አንስታ ጨመረችልኝ። የጨመረችልኝን እንደ መጀመሪያው በቀስታ በላሁ፤ ከሳህኔ ላይ ዓይኔን አላነሳሁም። በመካከሉ ከጠረጴዛው ማዶ የማንኪያ ድምፅ ሰማሁ።

ቀና ብዬ አላየሁም።